የስድስት ቀን ትውልድ

ጥቅምት 28

ጋሼ፣

በቅድሚያ ይቅርታ። ሁለት ደብዳቤዎችዎን ተቀብዬ መልስ ሳልሰጥ ወር አለፈኝ። «ተቀየምሽኝ ወይስ ባል አገኘሽ?» ላሉት፣ ሁለቱም አይደለም። ትንኞቹ ደህና ናቸው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ፤ ማመልከቻ እየሞላሁ ነው።

ባህር ማዶ ላለ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት እያመለከትኩ ነው። በወባ ትንኝ ላይ የሚሠራ ፕሮፌሰር አለ፤ በዓመት የሚቀበለው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው ታኅሣሥ 20 ነው። ለእናቴ ስነግራት «ልጄ ዶክተር ልትሆን!» ብላ ሰፈሩን አዳረሰች። በኋላ የትንኝ መሆኑ ሲገባት «ትንኝ ደግሞ ምኑ ታክሞ?» አለችኝ። ጎረቤታችን ግን ወገቧን ልታሳየኝ ከወዲሁ ቀጠሮ ይዛለች። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው ጋሼ። ይኼ ካመለጠኝ ዕድሜዬን ሙሉ የእጭ ሳህን ሳጥብ እንዳልኖር እፈራለሁ። እርስዎን ለመንካት አይደለም፣ ቅር እንዳይልዎ።

የምወዳደረው በማስተርስ ሥራዬ ነው። «ለስላሶቹ» የሚሏቸው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የትንኝ መግደያ መድኃኒት ሳይነካቸው በመረብ ሳጥን ያረባናቸው ትንኞች የሁሉም ነገር መለኪያችን ናቸው አይደል? መድኃኒት የተቀባ ወረቀት ላይ ሲያርፉ አንድም ሳይቀር መሞት አለባቸው። እኔ ስፈትናቸው ግን ከመቶው አሥራ አራቱ አልሞት አሉኝ። መድኃኒት በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ትንኞች በራሳቸው መቋቋም ጀመሩ ብዬ ጻፍኩ። ፕሮፌሰሩ የጓጓው በዚህ ነው።

ሦስት ሰው የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍልኝ ይጠይቃሉ። አማካሪዬ እሺ ብለዋል፤ የላቦራቶሪው ኃላፊም እሺ ብለዋል። ሦስተኛው እርስዎ ይሁኑልኝ። «እኔ ቴክኒሻን ነኝ፣ ምን አግብቶኝ» እንዳይሉ፤ ወረቀቱ የሚለው «ሥራዋን በቅርብ የሚያውቅ ሰው» ነው። ትንኝ በአፍ ቱቦ ስቤ ሳልውጣት መያዝን ካስተማሩኝ ከእርስዎ የበለጠ ማን በቅርብ ያውቀኛል?

አንዲት ትንሽ ጥያቄ አለችኝ። ለማመልከቻው ሠንጠረዥ ልሠራ የዘር ደብተሩን ስገለብጥ፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ከ190ኛው ትውልድ እስከ 191ኛው የተጻፈው ስድስት ቀን ብቻ ነው። በስድስት ቀን ከእንቁላል ተነሥቶ ለአቅመ ክንፍ የሚደርስ ትንኝ ደግሞ የለም። የብዕር ስህተት ነው አይደል?

እርስዎ ስም እንዳወጡልኝ፣
እመት ለምን


ኅዳር 9

እመት ለምን፣

እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጄ «ምን ተገኝቶ ነው ብቻህን የምትስቀው?» ብላ ጆሮዬ ላይ ጮኸች። አልሰማኋትም እንጂ አፏን አይቼ ገባኝ። ጆሮዬ ያው ነው፤ ያ የትንኝ ክፍሉ ማራገቢያ ሠላሳ ዓመት ሲጮህብኝ ኖሮ ይዞት ሄደ። ስልክ አትደውይልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ወረቀት ይሻለኛል፤ ወረቀት አይጮህም።

እኔ ለዩኒቨርሲቲ ልጽፍ? የዕረፍት ፈቃድ ከመጠየቅ በቀር ለማንም ጽፌ አላውቅም። ግን ላንቺ ከሆነ እጽፋለሁ። ፋርማሲስቷ ልጄ በእነሱ ቋንቋ ትተረጉምልኛለች፣ በኮምፒውተሩም ትልክልኛለች።

የእርጥበት ትሪው ውሃ እንዳይደርቅ በየጠዋቱ ታዪዋለሽ? አደራ፣ እሱን ለማንም አትተዪ። በእኔ ቦታ የገባችው አዲሷ ልጅ ሳህኖቹን በሳሙና አትጠብ፤ ሳሙና እጭ ይገድላል። ለእጮቹ የምትሰጪውን የዓሣ ምግብም በጣም አድቅቂው። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ሜዳ ላይ ደህና ነኝ።

ጋሼሽ


ኅዳር 18

ጋሼ፣

እሺ ስላሉኝ ምን ብዬ ላመስግንዎ! ስለ ትሪውም፣ ስለ ሳሙናውም፣ ስለ ዓሣ ምግቡም ነገሩኝ። ስለ ስድስቱ ቀን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ጆሮዎ ስለ ደከመ ነው ብዬ እንዳልስቅ ደግሞ ጥያቄው በወረቀት ነው የተጻፈው።

ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን እየቆየ እየከበደኝ መጣ። «የጥናት ዓላማ» የሚባለውን ሁለት ገጽ አሥራ አንድ ጊዜ ጽፌ አሥራ አንድ ጊዜ ቀድጄዋለሁ። «በራሳቸው መቋቋም ጀመሩ» የምትለው መስመር ላይ ስደርስ ብዕሬ ይቆማል። ኃላፊዋ ትናንት ኮሪደር ላይ ይዘውኝ «ደብዳቤሽን ልኬአለሁ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ከዚህ ቤት የወጣ ትልቁ ግኝት ብዬ ነው የጻፍኩልሽ» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጨፍር ነበር። ትናንት ግን አመስግኜ ሳልጨርስ ትንኝ ክፍሉ ገብቼ ደብተሩን እንደገና ገለበጥኩ።

ያን ዓመት እኔ ገና አልተቀጠርኩም። ደብተሩ ላይ ያለው የእርስዎ እጅ ጽሕፈት ብቻ ነው። አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ፤ ስህተት ነው፣ ወይም አይደለም።

እመት ለምን


ታኅሣሥ 1

ለላቦራቶሪ ባለሙያዋ፣

የዘጠኝ ዓመት ደብተር መቆፈር ምን ይረባል? ስህተት ነው። የብዕር ስህተት። ሰው አይሳሳትም? አንቺ ያንን ሁሉ ዓመት ከእኔ ጋር ስትሠሪ አንድ ቀን ዘር ሳቀላቅል አይተሽኛል? እንዲህ እንደ መርማሪ ፖሊስ «አዎ ወይስ አይደለም» ተብዬ በሽምግልናዬ መጠየቄ አሳዝኖኛል።

ማመልከቻሽን ሞልተሽ ላኪ። እኔም ያልኩትን እጽፋለሁ።

ጤና ይስጥሽ።


ታኅሣሥ 8

ጋሼ፣

እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። «ለላቦራቶሪ ባለሙያዋ» የሚለውን ሳይ አለቀስኩ። ጭንቀት ነው እንዲህ ያደረገኝ። ማን መሆንዎን ረስቼ አይደለም።

ማመልከቻውን ዛሬ ላክሁ። «ላኪ» የምትለዋን ቁልፍ ስጫን እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «አለቀ? ይኼው ነው?» አለች። ይኼው ነው። ስህተት ነው ስላሉኝ ስህተት ነው። እውነቱን ልንገርዎ? ማመን ስለፈለግሁም ጭምር ነው ያመንኩዎ። አሁን የቀረው የእርስዎ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ እስከ 20 እንዳያልፍብኝ አደራ።

ልጅዎ፣ እመት ለምን


ታኅሣሥ 19

እመት ለምን፣

ይህን ተቀምጠሽ አንብቢው።

የብዕር ስህተት አይደለም። ዋሽቼሻለሁ። ተቆጥቼ የጻፍኩልሽም ቁጣዬ መሸሸጊያ ሆኖኝ ነው፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ይቅርታ የጠየቅሽበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ግን አንጀቴን በላሽው።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሦስት ቀን ተከታታይ የሥራ ዕረፍት ነበር። ተረኛው እኔ ነኝ። ኃላፊዋ ውጭ አገር ስብሰባ ሄዳለች። በዚያው ሰሞን ልጄ በፋርማሲ ትመረቃለች፤ የምትማርበት ከተማ በአውቶቡስ አንድ ቀን ያስኬዳል። ተረኛ ቦታውን ጥሎ አይሄድም። እኔ ራሴ በዚህ ስንቱን ተቆጥቻለሁ! ግን አንድ ልጅ ናት ያለችኝ፤ እናቷም በሕይወት የለችም። ማሞቂያውን አበራሁ፣ የእርጥበት ትሪውን እስከ አፉ ሞላሁ፣ በሩን ቆልፌ ሄድኩ። ይበቃዋል ብዬ ነው።

በሦስተኛው ቀን ተመልሼ በሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ትሪው ደርቋል። ማሞቂያው እንደ ጉድ ይነድዳል። ለስላሶቹ ወሬ ነጋሪ ሳይተርፍ አልቀዋል፤ ክንፋቸው ከመረቡ ሥር እንደ ገለባ ተነጥፏል። የሳህኑን ውሃ በጣቴ ነካሁት፤ ሻይ ሊፈላበት ምንም አልቀረው።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ዓመት የሠራሁበት ቤት ነው፤ እባረራለሁ ብዬ ሳይሆን ተዋረድኩ ብዬ ነው የፈራሁት። ከዚያ ባልዲና ጭልፋ ይዤ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ቦይ ወረድኩ። የእኛ ዓይነት እጭ ውሃ ላይ ጋደም ይላል ብዬ አስተምሬሽ የለ? ጋደም የሚሉትን እየለየሁ ቀዳሁ። ያደጉ ስለነበሩ በጥቂት ቀን ክንፍ አወጡ። ሳጥኑ ተሞላ። ደብተሩን ከፍቼ «191ኛ ትውልድ፣ ደህና» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊዋ ተመልሳ አየቻቸውና «ሰሞኑን ፈርጥመዋል» አለች።

ቀኑን አስተካክዬ ብዋሽ ኖሮ አትይዢኝም ነበር። ግን ቀን አሳስቼ ጽፌ አላውቅም፤ እጄ እምቢ አለኝ። ዘሩን ዋሽቼ ቀኑን አልዋሸሁም። እንዲህ ያለ ሞኝ ዋሾ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ከቦዩ ማዶ መድኃኒት የሚረጭ እርሻ ነበር። አልሞት ያሉሽ አሥራ አራቱ የእነዚያ ልጆች ናቸው። በራሳቸው የጀመሩት ነገር የለም። የመመረቂያ ሥራሽን ስታቀርቢ ኋላ ተቀምጬ ሳጨበጭብልሽ ይህን አውቅ ነበር። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፤ ሁሉ ሰው ቆሞ ሲያጨበጭብልሽ ወኔ አጣሁ።

የድጋፍ ደብዳቤውን ልጄ ዛሬ ትልከዋለች። የማውቀውን ሁሉ ጽፌያለሁ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ገና ነው።

ጋሼሽ ከሆንኩ


ጥር 27

ጋሼ፣

አምስት ሳምንት ዝም ያልኩት ስለጠላሁዎ ነው። አሁን ስላልጠላሁዎ እነግርዎታለሁ። ደብዳቤዎን ሳነብ ሰማይ ተደፋብኝ። ጭብጨባዎን አስታውሳለሁ፤ ከሁሉም በኋላ ያቆሙት እርስዎ ነበሩ። ለሁለት ሳምንት ትንኝ ክፍሉ ውስጥ በገባሁ ቁጥር አንዱን ሳጥን አንሥቼ መወርወር ያምረኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ ልጅዎ በምረቃዋ ቀን አዳራሹ ውስጥ ዓይኗን ስታንከራትት ታየችኝና ንዴቴ እዚያው ከዳኝ።

ለቃለ መጠይቅ ተመርጬ ነበር። ትናንት በኮምፒውተር አደረግነው። ለእርስዎ ብቻ ነው የምነግረው። አርባ ደቂቃ ያህል ደህና ሄደ፤ እንዲያውም አሳቅኳቸው። መጨረሻ ላይ ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን አስቀምጦ «በመረጃሽ ውስጥ የምትጠራጠሪው ነገር አለ?» አለኝ። ጋሼ፣ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ እርስዎ ታዩኝ፤ ኃላፊዋ ደብተሩን ይዘው በጡረታዎ ሲጠሩዎ፣ ሠላሳ ዓመት አብረውዎ የሠሩት ሲንሾካሾኩ። «የለም» አልኩ። ትንሽ ቆይቶ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ደገመኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።

ለእርስዎ ብዬ ነው የዋሸሁት። ለእርስዎ ብቻ ግን አይደለም፤ ያቺን አንድ ቦታ ፈልጌያት ነው። ሁለቱን መለየት አቅቶኛል። እርስዎም ለማንም ትንፍሽ አይበሉ። ደብዳቤዬን ያቃጥሉት።

እመት ለምን


የካቲት 6

ልጄ፣

ምን አደረግሽ? ምነው ልጄ፣ ምነው!

«የማውቀውን ሁሉ ጽፌያለሁ» ብዬሽ አልነበር? ሁሉን ነው የጻፍኩት። የእርጥበት ትሪውን፣ ቦዩን፣ ጭልፋውን፣ 191 ብዬ የጻፍኩትን። «ይህች ልጅ ከእኔ ስህተት ላይ ቆማ ነው ያየችው፤ ስድስቱን ቀን አይታ የጠየቀችኝም እሷው ናት፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሌላ የጠየቀኝ የለም» ብዬ ነው የደመደምኩት። ልጄ ስትተረጉመው እያለቀሰች ነበር፤ ለምረቃዋ ስል መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቀችው። ታኅሣሥ 19 ተልኳል። ሰውየው ሁለት ጊዜ የጠየቀሽ ደብዳቤዬን አንብቦ ነው።

ግልጡን ያልነገርኩሽ እንዳትከለክዪኝ ነው። ደግሞም አንቺ ትዋሻለሽ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም! ውሸት ከእኔ ተጋብቶብሽ ነው። ይኸው አዳንኩሽ ብዬ ገደል ጨመርኩሽ።

ዛሬውኑ ጻፊለት። የእኔን ስም ተዪው፤ የእኔ ስም ከወጣ ቆይቷል። የራስሽን ስም አድኚ።

ጋሼሽ


መጋቢት 11

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። እዚያው የሰው መግቢያ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ሰዓት ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ሰውየው በሩን ከፍቶልኝ፣ ግቢ ብሎኝ፣ ደግሞ ሁለተኛ ከፍቶልኝ፣ እኔ በገዛ እጄ ዘጋሁት።

በዚያኑ ቀን ጻፍኩለት። «ዋሽቻለሁ፤ እውነቱን የተናገሩት እሳቸው ናቸው» አልኩ። ምክንያት አልደረደርኩም። ለሦስት ሳምንት መልስ የለም። ኮምፒውተሩን በሰዓት አምስት ጊዜ እከፍታለሁ፤ እናቴ «ይኼ ዕቃ ምን ቢያደርግሽ ነው እንዲህ የምታፈጪበት?» ትለኛለች። ትናንት መለሰልኝ።

አልተቀበለኝም። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። የጻፈልኝ ይህ ነው፦ «የተበላሸ መረጃ የሌለው ላቦራቶሪ አይቼ አላውቅም፤ ያ አያስጨንቀኝም። ስጠይቅሽ ግን እውነቱን እንድሰማ እፈልጋለሁ። ከፋይልሽ ሁሉ ያመንኩት የቴክኒሻኑን ደብዳቤ ነው። ሥራውን በንጹሕ ዘር እንደ አዲስ ሠርተሽ በሚቀጥለው ዓመት ካመለከትሽ አነባለሁ። ቃል ግን አልገባም።» ለእናቴ ስነግራት «እኔስ ትንኝ መቼ ደህና ነገር ታመጣለች ብዬ» አለችና ጉያዋ ውስጥ አስገባችኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ ጋሼ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ኃላፊዋ ገባሁ። ደብተሩን 190 ላይ ከፍቼ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩና ሁሉን ነገርኳቸው። ይቅርታ፣ ስምዎን መደበቅ አልቻልኩም፤ ጽሕፈትዎን ያውቁታል። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለበጡ። ከዚያ «በእነዚህ ትንኞች ስንት ጽሑፍ እንዳወጣን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አውቃለሁ፤ አራት ነው። «መረጃው የተበላሸ መሆኑን ለአራቱም መጽሔት እኔ እጽፋለሁ፤ አንቺ ክፍሉን አጽጂ» አሉ። ሃያ አራቱንም ሳጥን አንድ በአንድ ተሸክሜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኳቸው። ሲበርዳቸው መጀመሪያ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ይረግፋሉ። አዲሷ ልጅ ማየት አቅቷት ወጣች።

የመጀመሪያውን ዘር የሰጠን ተቋም ንጹሕ እንቁላል ሊልክልን ተስማምቷል፤ በእርጥብ ወረቀት ተጠቅልሎ መጋቢት 26 ይደርሳል። እንዲህ መንገድ ያደከመውን እንቁላል እዚህ ፈልፍሎ የሚያውቅ ማንም የለም፤ የዛሬ ሃያ ዓመት የፈለፈሉት እርስዎ ነዎት። ከደረቀብኝ ሌላ አይልኩልንም፣ እኔም በሚቀጥለው ዓመት የማቀርበው ነገር አይኖረኝም። ይህን ለኃላፊዋ ስነግራቸው መስኮቱን እያዩ «ይምጣ» አሉኝ። «የምለው አለኝ። በወረቀት ሳይሆን ፊት ለፊት ነው የምለው።»

እንግዲህ ይኸው ነግሬዎታለሁ። ይምጡልኝ ለማለት አፌ አልደፈረም፤ ጻፍኩት።

ልጅዎ


መጋቢት 18

ልጄ፣

መጋቢት 25 በጠዋቱ አውቶቡስ እደርሳለሁ። ልጄ «አብሬህ ልሂድ» ብላ ነበር፤ አይሆንም አልኳት። ይኼንን እሷ እንድታይ አልፈልግም።

ውሃውን ከዛሬ ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጪው፣ ከክፍሉ ጋር ይላመድ። እንቁላሉ ሲደርስ ወረቀቱን አትክፈቺው፤ አብረን እንከፍተዋለን። ስንቱ እንደሚፈለፈል አላውቅም። አንድም ላይፈለፈል ይችላል፤ ይህን ከአሁኑ እወቂው።

ኃላፊዋ የምትለውን እሰማለሁ። ጆሮዬ ባይሰማ እንኳ አፏን አይቼ እሰማለሁ። ብዙ ቀን ስለ እሱ ነው የማስበው፤ ምን ብዬ እንደምመልስላት እስካሁን አላገኘሁም።

አንድ ነገር ብቻ እኔም ልለምንሽ። በዚያ ጠዋት በሩ ላይ ጠብቂኝ። ብቻዬን መግባት እፈራለሁ።

ጋሼሽ